የጋዝ ሞተር አናት ሲከፈት

አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትልቅ የጋዝ ሞተር ከዚህ ውስጥ ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ ሊሠራ ይችላል። የሚያርፈው ዘይት ሲቀየርለት፣ ካንዴላው ሲታይና ቫልቩ ሲስተካከል ብቻ ነው። 30 ሺህ ሰዓት የሠራ ሞተር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ቢሰላ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ይህን ያህል የሠራ ማሽን የላይኛው ክፍሉ ተፈቶ፣ ተለክቶና ታድሶ ካልተገጠመ በጤና አይቀጥልም። ባለሙያዎች ይህን ሥራ ቶፕ ኦቨርሆል ይሉታል።

በኦስትሪያ ቲሮል ግዛት፣ በኢን ወንዝ ሸለቆ ያለችው ትንሿ የጄንባክ ከተማ በዓለም የታወቀችው ጄንባከር በሚባሉት እንዲህ ባሉ ሞተሮች ነው። ከዚያ ከሚወጡት አንዱ ጄ620 ይባላል። 20 ሲሊንደሮች በቪ ቅርጽ በሁለት ረድፍ ተደርድረውበታል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 190 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 220 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሞተሩ ጠቅላላ ይዘት ወደ 125 ሊትር ይጠጋል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ ከ3 ሜጋዋት በላይ ኃይል ይሰጣል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን)፣ እያንዳንዱ ቴስታታም አራት ቫልቮች አሉት፤ በድምሩ 80 ቫልቭ። በዚህ ፍጥነት አንድ ቫልቭ በደቂቃ 750 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። በ30 ሺህ ሰዓት ሲሰላ 1.35 ቢሊዮን ጊዜ መቀመጫውን መትቷል።

የጋዝ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይቀድማል። ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በኮሎኝ አቅራቢያ በዶይትዝ የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር የሚነዳው ለከተማ መብራት ይቀርብ በነበረው የድንጋይ ከሰል ጋዝ ነበር። ዛሬ የዚያ ሞተር ዘሮች የተፈጥሮ ጋዝ፣ የቆሻሻ መጣያ ጋዝና ከእበት የሚገኝ ባዮጋዝ ያቃጥላሉ። በሰሜን ጀርመን የኪል ከተማ የድንጋይ ከሰል ማመንጫውን ሲዘጋ በምትኩ 20 የጄንባከር ሞተሮች ተከለ፤ አንድ ላይ 190 ሜጋዋት ያመነጫሉ። አንዱ ለእድሳት ሲቆም 19ኙ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በኔዘርላንድስ ዌስትላንድ ደግሞ ቲማቲም አምራቾች ከሞተሩ ኤሌክትሪኩን ይሸጣሉ፣ በሙቀቱ የመስታወት ቤታቸውን ያሞቃሉ፣ ከጭሱ የተጣራውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለተክሉ ይመግባሉ። የኢትዮጵያ አበባ እርሻዎች ከፀሐይ በነፃ የሚያገኙትን ሙቀት የዌስትላንድ ገበሬ የሚያገኘው ከማሽን ነው። ለእሱ የሞተር መቆም የመብራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰብል ጉዳይም ነው።

የሞተሩ ክፍል ሁሉ እኩል አያረጅም። ከታች ያለው ኮላዶካ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በዘይት ላይ ተንሳፎ ስለሚዞር ዕድሜው ረጅም ነው። ዋናው ሙሉ እድሳት ብዙውን ጊዜ 60 ሺህ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚጠብቀውም ለዚህ ነው። የላይኛው ክፍል ግን ኑሮው ከእሳት ጋር ነው። ከቴስታታው በታች ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ጋዝ ይነድዳል፣ ከውስጡ 90 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ብረት ቀን ከሌት ሲሳብና ሲጨመቅ ይኖራል። ቴስታታ ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው በሁለት ቫልቮች መካከል ባለችው ጠባብ ድልድይ ላይ ነው። ስለዚህ እንደ ሞዴሉና እንደ ጋዙ ጥራት በ20 እና በ30 ሺህ ሰዓት መካከል አናቱ ይከፈታል።

ከሁሉም የላይኛው ክፍል ችግሮች በጥንቃቄ መታየት ያለበት የቫልቭ መስመጥ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ደረቅና ንጹሕ ነው፤ እንደ ናፍጣ በቫልቩና በመቀመጫው መካከል ጥላሸት አይተውም። ንጽሕናው ለአየሩ በጎ ቢሆንም ለቫልቩ ክፉ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ቫልቩን የሚያድነው ከሞተር ዘይቱ የሚቀር ስስ የአመድ ልባስ ነው። የጋዝ ሞተር ዘይት 0.5 በመቶ ገደማ አመድ እንዲኖረው ሆኖ የሚቀመመውም በዚህ ምክንያት ነው። አመዱ ካነሰ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ይሰምጣል። ከበዛ ደግሞ በፒስተኑ አናት ላይ ይጋገርና፣ እንደ ፍም ግሎ ጋዙን ያለጊዜው ያቀጣጥላል። የዘይት ምርጫ የግዥ ክፍል በዋጋ ብቻ የሚወስነው ጉዳይ እንዳይሆን አጥብቆ መከላከል የሚገባው ለዚህ ነው።

ቫልቩ ወደ መቀመጫው በሰመጠ ቁጥር ዘንጉ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዘንጉና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ክፍተቱ ካለቀ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በቀረችው ስንጥቅ የጋለው ጋዝ ይሾልካል፣ የቫልቩን ጠርዝ ያቃጥላል፣ በመጨረሻም ቫልቩ ተሰብሮ በፒስተኑ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ወጪው የአንድ ቫልቭ መሆኑ ቀርቶ የፒስተን፣ የላይነር (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ሽፋን)፣ የቴስታታና አንዳንዴም የተርቦ ቻርጀር ይሆናል።

ይህ ጥፋት ግን ድንገተኛ አይደለም። መካኒኩ በየተወሰነው ሰዓት ስስ የብረት መለኪያ ቅጠሎቹን በክፍተቱ ውስጥ እያስገባ ይለካል፣ ያስተካክላል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። የእነዚያ ማስተካከያዎች ድምር ቫልቩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ያህል እንደሰመጠ ይናገራል። ለምሳሌ በ20ዎቹ ሲሊንደሮች ላይ በእያንዳንዱ ምርመራ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲስተካከል ቆይቶ በሰባተኛው ላይ ድንገት ሦስት አሥረኛ ቢገኝ፣ ሰባተኛው ቴስታታ ሌሎቹን መጠበቅ የለበትም። መዝገቡ በደንብ የተያዘለት ሞተር እድሳቱ ሊዘገይ ወይም ሊፋጠን እንደሚገባው በማስረጃ መወሰን ይቻላል። መዝገብ የሌለው ሞተር የሚታደሰው በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ወይ ጤነኛ ዕቃ ያስጥላል፣ ወይ የታመመውን ያስረሳል።

የቆሻሻ መጣያና የፍሳሽ ማጣሪያ ጋዝ የሚጠቀሙ ሞተሮች ሌላ ጣጣ አለባቸው። በሻምፑ፣ በቅባትና በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ሲሎክሴን የሚባሉ ውህዶች አሉ። ከቆሻሻው ጋር ተጥለው ከጋዙ ጋር ወደ ሞተሩ ይገባሉ፤ ሲቃጠሉም የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ወደሆነው ሲሊካ ይለወጣሉ። እንዲህ ያለ ሞተር ሲከፈት የፒስተኑ አናትና የቫልቮቹ ፊት በነጭ ደረቅ ልባስ ተሸፍኖ ይገኛል። ልባሱ ሙቀት ያፍናል፣ ቅንጣቱ ወደ ዘይቱ ሲገባም ብረት ይሞርዳል። በዚህ ጋዝ የሚሠራ ሞተር በተፈጥሮ ጋዝ ከሚሠራው ወንድሙ ቀድሞ ቢከፈት አያስገርምም።

የእድሳቱ ሥራ የሚጀመረው የጋዙን መስመር ዘግቶ መዝጊያውን በመቆለፍ ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ውሃው ይወርዳል። የማቀጣጠያ ጥቅልሎቹና ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ ክንዶቹና ገፊ ዘንጎቹ ቁጥር እየተጻፈባቸው በተራ ይደረደራሉ፣ ምክንያቱም አብረው ያረጁ ክፍሎች ቦታቸው ከተቀያየረ ያለ አግባብ ይበላላሉ። ከዚያ የጭስ ማስወጫው ይለያል፣ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ቴስታታዎቹ አንድ በአንድ በክሬን ይነሳሉ።

አሁን ሲሊንደሩ ክፍት ነው። ልምድ ያለው መካኒክ በመጀመሪያ መብራቱን የሚያበራው በላይነሩ ግድግዳ ላይ ነው። ፋብሪካው ዘይት እንዲይዝ ብሎ የቀረጸው የተጠላለፈ ስስ መስመር ካለ ላይነሩ ደህና ነው። መስመሩ ጠፍቶ ግድግዳው እንደ መስታወት ካበራ ዘይት አይቆምበትም፤ የፒስተኑ ፋሻዎችም (ቀለበቶች) ሥራቸው እያቃታቸው ነው። በአንዳንድ ሞተሮች በዚሁ አጋጣሚ ፒስተኖቹ፣ ፋሻዎቹና የቢዬላ ብሮንዚናዎቹ አብረው ይለወጣሉ። አናቱ አንዴ ከተፈታ ወዲያ በፋሻ ላይ መቆጠብ ትርፍ የለውም።

የወረዱት ቴስታታዎች እዚያው እስኪታደሱ አይጠበቅም። አስቀድሞ የታደሰ ሌላ ስብስብ ይገጠማል፣ አሮጌው ወደ ወርክሾፕ ይሄዳል። እዚያ ይታጠባል፤ ስንጥቅ የሚያጋልጥ ቀለም ይቀባል፤ የውሃ መንገዶቹ በግፊት ይፈተሻሉ። አዲሱ የቫልቭ መቀመጫ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሲኮማተር በጉድጓዱ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ሲሞቅ ደግሞ ተስፋፍቶ ከቴስታታው ጋር አንድ ይሆናል። መቀመጫውና ቫልቩ በትክክል መግጠማቸው የሚረጋገጠው በአየር መሳቢያ ፍተሻ ነው።

መልሶ መግጠም ከመፍታት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቴስታታው ማረፊያ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ሊኖርበት አይገባም። ቡሎኖቹ በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ አምራቹ ባዘዘው ተራና በደረጃ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተዘለለ ይጠብቃሉ። ትልልቆቹ ሞተሮች ላይ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ቡሎኑን ይስበዋል፣ ዳዶው በእጅ ይዞራል፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ቡሎኑ ለመመለስ በሚያደርገው ትግል ቴስታታውን ጨምቆ ይይዛል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይት ይገፋለታል፣ ቀስ ብሎ በእጅ ይዞራል። ከተነሳ በኋላ ጭነቱ በየደረጃው ይጨመራል፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ከጎረቤቶቹ ጋር ይነጻጸራል። አዲስ መቀመጫ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚረጋጋ የቫልቭ ክፍተቱ ቶሎ ተመልሶ ይለካል።

እድሳቱ ሞተሩ ነዳጁን የሚቀይርበት አጋጣሚም እየሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃንዘቬርክ ናቱር የተባለው ድርጅትና የጄንባከር ባለቤት ኢኒዮ በሐምቡርግ ኦትማርሸን ያለን አንድ ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የተፈጥሮ ጋዝ ሞተር ንጹሕ ሃይድሮጅን እንዲያቃጥል ለውጠው ሞክረውታል። ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝ ይልቅ በቀላሉ ያለጊዜው ይቀጣጠላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ለውጥ የፒስተኑ ቅርጽ፣ የጋዝ አቅርቦቱና የተርቦ ቻርጀሩ ልክ እንደገና መታየት አለባቸው፤ አብዛኞቹ ደግሞ በቶፕ ኦቨርሆል ጊዜ ያለዚያም የሚፈቱ ክፍሎች ናቸው። በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያ እድሳታቸው የሚደርስባቸው ጣቢያዎች ከአምራቹ ጋር በሚያደርጉት ድርድር ይህንንም ጥያቄ ማንሳት ይጠበቅባቸዋል።