ማውጫ ለእንግዳ

ጽሑፍ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ የተጻፈውን ማጠራቀም ሁለተኛ ሥራ ነው፤ የተጠራቀመውን ፈላጊ እንዲያገኘው ማድረግ ግን ሦስተኛና ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሥራ ነው። ሁለቱን ፈጽሞ ሦስተኛውን የተወ ሰው እህሉን አጭዶና ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ የጎተራውን አፍ ደፍኖ እንደ ሄደ ገበሬ ይቆጠራል። እህሉ አለ፤ የሚበላው ግን የለም።

በአሁኑ ዘመን መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ማኅበሮችና ግለሰቦችም ጽሑፋቸውን በኢንተርኔት ላይ ያኖራሉ። ድረ ገጽ የሚባለው ይኸው ማኖሪያ ነው። የብዙዎቹ ልማድ ግን አዲስ የወጣው ከላይ እንዲቀመጥ፣ የቀደመውም እያደር ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት በብዙ ድካም የተዘጋጀ ጠቃሚ ጽሑፍ ዛሬ ከሌሎች በታች ተቀብሮ ይገኛል። አልጠፋም፤ ነገር ግን የት እንዳለ የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። የዚህ ችግር መድኃኒት ቀላል ነው፤ በድረ ገጹ ውስጥ ያለውን ሁሉ በየርእሱ ከፍሎ የሚያሳይ አንድ ገጽ ለእንግዳው ማዘጋጀት ነው። ፈረንጆች ሳይትማፕ ይሉታል፤ እኛ ማውጫ ብንለው ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

የማውጫ ነገር ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ካሊማኮስ የተባለ ባለቅኔ ፒናኬስ የሚባል ዝርዝር አዘጋጅቶ ነበር። 120 ጥቅል ያህል እንደ ነበረው ይነገራል። ደራስያንን በጽሑፋቸው ዓይነት ይከፍል፣ የሕይወታቸውንም ታሪክ ባጭሩ ያመለክት ነበር። ዝርዝሩ ራሱ ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው ቁርጥራጩ ብቻ ቢሆንም፣ መጻሕፍትን መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያስረዳ የጥንት ምስክር ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ በአራቱ ወንጌላት መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ሠንጠረዥ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቂሳርያው አውሳብዮስ፣ አንዱ ወንጌላዊ የተናገረውን ነገር ሌላው የት ላይ እንደ ተናገረው ለማሳየት ሲያስብ የወንጌላቱን ቃል ሳይነካ በየክፍሉ ቁጥር ሰጠው። ከዚያም ቁጥሮቹን በ10 ሠንጠረዥ አሰናዳቸው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ አራቱም የሚስማሙበት፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሦስቱ፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ሁለቱ፣ በ10ኛው ደግሞ እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረው ይገኛል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሠንጠረዡን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ለካርፕያኖስ በጻፈው ደብዳቤ አስረዳ። አምስት ሺህ ሰዎች ስለ መመገባቸው በማቴዎስ ያነበበ ሰው፣ ቁጥሩን ይዞ ወደ መጀመሪያው ሠንጠረዥ ቢሄድ ያንኑ ታሪክ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ የት እንደሚያገኘው ወዲያው ያውቃል።

ይህ ሥርዓት ወደ አገራችንም ገብቷል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ ወንጌሎች፣ በካርቦን በተደረገ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸው የተገመተው፣ እነዚህን ሠንጠረዦች ይዘዋል። ሠንጠረዦቹም በዐምድና በቅስት መካከል፣ በወፎችና በልዩ ልዩ ኅብር አጊጠው የተጻፉ ናቸው። የቁጥር ዝርዝር ያን ያህል መሸለሙ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ነገር ግን ገጹን ለሚያየው ሰው ቅስቱ እንደ በር ሆኖ ይታየዋል። ማውጫም በእውነት በር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማውጫ የሚሠራው ለቤቱ ባለቤት ሳይሆን ለእንግዳው ነው። ለዚህ የሎንዶን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ቀድሞ የባቡሩ ካርታ መንገዱን በእውነተኛው ጠመዝማዛና ርቀት ያሳይ ስለ ነበር በከተማው መካከል ያሉት ጣቢያዎች ተጨናንቀው ለማንበብ ያስቸግሩ ነበር። ሃሪ ቤክ የተባለ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ በ1931 አዲስ ካርታ ነደፈ። ርቀቱን ትቶ፣ መሥመሮቹን ቀጥ ባለና በአግድም በተጋደመ ወይም በ45 ዲግሪ በዘመመ መሥመር ብቻ አሳያቸው። በመጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ በ1933 ታትሞ በወጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ ወደደው። ተሳፋሪው ለማወቅ የሚፈልገው ከምድር በላይ ያለውን ርቀት ሳይሆን የት ተሳፍሮ፣ የት ለውጦ፣ የት እንደሚወርድ ነበርና።

ኢንተርኔትም ከተስፋፋ ወዲህ ይኸው ጥያቄ ተነሣ። በ1994 ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድረ ገጾችን በየርእሱ የሚዘረዝር ማውጫ አዘጋጁ፤ እርሱም በኋላ ያሁ ተባለ። በ2005 ደግሞ ጉግል ድረ ገጾች የገጾቻቸውን አድራሻ ዘርዝረው የሚያቀርቡበትን ሥርዓት አወጣ፤ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍትም ተባበሩበት። በዚህ ሥርዓት አንድ የዝርዝር ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ሊይዝ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ይህ የ2005 ዝርዝር የተሠራው ለመፈለጊያ መሣሪያዎች እንጂ ለሰው ዓይን አይደለም። ሰው ቢከፍተው የሚያየው እንደ ሰንሰለት የተያያዘ የአድራሻ ጋጋታ ነው። እርሱን አዘጋጅቶ «ማውጫ አለን» የሚል መሥሪያ ቤት፣ ለፖስተኛው የቤት ቁጥር ሰጥቶ እንግዳውን ደጅ ላይ እንዳቆመ ሰው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም።

«የመፈለጊያ ሣጥን ካለ ማውጫ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፈላጊ የሚፈልገውን ነገር ስም አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ መኖሩን የማያውቀውን ነገር ሊፈልግ አይችልም። ማውጫ ግን ያልጠየቀውን ጭምር ያሳየዋል። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ማኅበር በ2008 ባወጣው የአካል ጉዳተኞችን የሚመለከት መመሪያም አንድን ገጽ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ማግኘት እንዲቻል ይጠይቃል፤ ለዚህም ከሚጠቁማቸው ዘዴዎች አንዱ ማውጫ ነው።

ሁለተኛው መልስ የራሳችንን ፊደል ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ጸሐፊው በአንዱ ይጽፋል፣ ፈላጊው በሌላው ይጠይቃል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል ጸና ፀ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃ ስላሉ በድምፅ ሳይለወጥ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ፊደልን እንዳለ የሚያስተያይ መፈለጊያ አንዱን ሲጠይቁት አሥራ አንዱን አያያቸውም። «ትምህርት ቤት» ብሎ የጠየቀም «ት/ቤት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ፈላጊው «የለም» የሚል መልስ ተቀብሎ ይመለሳል፤ ጽሑፉ ግን አለ። እንግዲህ ማውጫ ለማንኛውም ቋንቋ ቢጠቅም ለአማርኛ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ዓይን ሲያነብ ሥራንና ስራን አንድ አድርጎ ያነባልና።

ማውጫውን ለማዘጋጀት ትልቅ ዕውቀት አያስፈልግም። በመጀመሪያ ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ አንድ በአንድ በዝርዝር መጻፍ ነው። ወርድፕሬስን በመሳሰሉት የድረ ገጽ ማዘጋጃዎች ዝርዝሩን በራሱ የሚያወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም ይገኛል፤ ሆኖም የወጣውን ሰው ሳያነበው መተው አይገባም። ቀጥሎ ዝርዝሩን ከአምስት እስከ አሥር በሚሆኑ ርእሶች መክፈል ነው። ርእሶቹ እንግዳው በሚያስበው መንገድ ይሁኑ እንጂ መሥሪያ ቤቱ በተዋቀረበት መንገድ አይሁኑ። ባለጉዳዩ «የንግድ ፈቃድ ለማደስ» ብሎ ይመጣል እንጂ የትኛው ዳይሬክቶሬት ጉዳዩን እንደሚይዝ አያውቅም።

ከዚያም በእያንዳንዱ ርእስ ሥር የጽሑፉን ስምና በአንድ መስመር ምን እንደሚናገር መጻፍ ይገባል። «ማስታወቂያ ቁጥር 4» የሚል ስም ለማንም ምንም አይነግርም። ቀኑም ይጻፍ፤ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ይገለጽ፤ በሁለቱ መካከል እንደ ወራቱ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለና። ማውጫው «ማውጫ» ተብሎ በግልጽ ይሰየም፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ማያያዣም በሁሉም ገጾች ላይ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። እንግዳ ዛሬ ከላይ ያገኘውን ነገ ከታች ሊፈልግ አይገባውም።

አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቀን በማውጫው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ለዓመቱ መጨረሻ የተባለ ሥራ ዓመቱ ሲያልቅ ተራራ ይሆናል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለውም በጥድፊያ የተሠራ ዝርዝር ስሕተቱ ይበዛል። የማይከፈት ማያያዣ ሲገኝ ይታረም ወይም ይውጣ። በመጨረሻም ድረ ገጹን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ጠርቶ ሦስት ነገሮችን እንዲያገኝ መጠየቅና ዝም ብሎ መመልከት ነው። በተደናገረበት ቦታ ሁሉ ጥፋቱ የማውጫው እንጂ የሰውዬው አይደለም።

ለወጣት መኰንኖች ይህ ጉዳይ ከኮምፒዩተር በላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። እርሱ በሥራው ላይ ሳለ ሁሉም ነገር ይገኛል፤ ሲታመም ባለጉዳይ «ነገ ና» ይባላል፤ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ግን የብዙ ዓመት ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው ታታሪ ሊሆን ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በአንድ ራስ ላይ ተንጠልጥሏል። ማውጫ ያን ዕውቀት ከአንድ ሰው አእምሮ አውጥቶ የሁሉ ያደርገዋል። ምናልባት አንዳንዱ ማውጫ ለመሥራት የሚያመነታው ስለዚህ ይሆናል፤ ሁሉ የሚያገኘው ከሆነ እርሱን የሚለምን አይኖርምና። ነገር ግን የሕዝብ አገልጋይ ክብሩ በመለመኑ ሳይሆን በማገልገሉ ነው።

ተማሪውም ቢሆን ከዛሬ ይጀምር። የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ባዶ ትቶ የትምህርቱን ርእስና የገጹን ቁጥር በየዕለቱ ቢጽፍበት በፈተና ሰሞን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ ራሱ ያየዋል። ከሩቅ አውራጃ በስልኩ አንዲት ማስታወቂያ የሚፈልግ ሰው ለኢንተርኔቱ ገንዘቡን ያወጣል፤ በማያውቀው ቤት ውስጥ እንዲንከራተት ማድረግ ገንዘቡንም ጊዜውንም መውሰድ ነው። በአንድ ገጽ ላይ በሥርዓት የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ይህን ያድኑለታል። እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚደረግለት መቀመጫ ማሳየት ነው፤ ለአንባቢም መቀመጫውን የሚያሳየው ማውጫ ነው።