ያማረ ፕሮፋይል፣ ያልተነካ እውነት

በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ በሆነችው አቦምሳ ትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ይላካል፤ የልጁ ጠባይ፣ የቤተሰቡ አኗኗር ይጠየቃል። ዛሬ ግን ወጣቱ አዳማ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ካለች ሰው ጋር በቴሌግራም ወይም በመተዋወቂያ መተግበሪያ መገናኘት ይችላል። እዚያ ስለ እሱ የሚመሰክርለት ሰው የለም፤ የሚናገሩለት አንድ ፎቶና ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። እነዚህን መስመሮች ማረም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሙያ ነው። የጥሩ አራሚ ተግባርም ባለቤቱ በእውነት እንዳለ፣ ጥርት ብሎ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ሥራው ከፊደል ይጀምራል። በስልክ በችኮላ የተጻፈ አማርኛ አራት ነጥቡ ይቀራል፣ ቃላቱ ይጣበቃሉ። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ «መሬት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ማለት ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ይዘቱ ነው። «ቁም ነገረኛ ነኝ፣ ቤተሰብ እወዳለሁ» የሚለውን ማንም ስለ ራሱ ሊጽፈው ስለሚችል አንዱን ከሌላው አይለይም። አራሚው «ኑሮህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሽንኩርትና ቲማቲም አምርቼ እሸጣለሁ፤ እሁድ እሁድ እናቴ ቤት ቡና እጠጣለሁ፤ ከአቦምሳ ርቄ መኖር አልፈልግም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንዳንዷን ያርቃል፤ የምትቀረው ግን ምን እንደምትመርጥ ታውቃለች። በመጨረሻም ስልክ ቁጥር፣ የመሥሪያ ቤት ስምና የመኖሪያ ሰፈር ከጽሑፉ ይሰረዛሉ፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ እነዚህ በተለይ ሴቶችን ለአደጋ ያጋልጣሉ።

ማሳመር ወደ ውሸት እንደሚያንሸራትት ማስረጃ አለ። ካታሊና ቶማ፣ ጄፍሪ ሃንኮክና ኒኮል ኤሊሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በኒው ዮርክ የ80 የመተዋወቂያ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎችን ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ ከፕሮፋይላቸው ጋር አመሳከሩ። 81 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ ዋሽተው ተገኙ። ወንዶች ቁመት ይጨምራሉ፣ ሴቶች ክብደት ይቀንሳሉ፤ ልዩነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበር። ፈተናው የብዙዎች ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ አራሚው ፊደል ከማረም አልፎ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

«ሌላ ሰው ያረመው ጽሑፍ የባለቤቱ አይደለም» የሚሉ አሉ። ሽማግሌም ስለ ሙሽራው የሚናገረው በራሱ አንደበት ነው፤ ዋናው የሚነገረው ነገር የሙሽራው መሆኑ ነው። «በፊደል ግድፈት ሰው አይመዘንም» የሚለውም እውነት ነው፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው መልካም የትዳር አጋር ሊሆን ይችላል። እርማት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ግድፈቱ በር እንዳይዘጋበት። ከሁሉ የሚከብደው «ሁሉም ይዋሻል፣ እውነት የተናገረ ይከስራል» የሚለው ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ልጅ ወይም የቀደመ ትዳር የተደበቀባት ሴት ሙሉ ፈቃድ ሰጥታለች ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ፕሮፋይልዎን ከመለጠፍዎ በፊት በደንብ ለሚያውቅዎ ወዳጅ ያስነብቡት፤ «እኔን የማይመስለው የቱ ነው?» ብለውም ይጠይቁት። የጠቆመዎትን ቦታ ያርሙ፤ እውነት ያልሆነውን ግን ያውጡት።