የተጎታች ቤት መጋጠሚያ ስለምን ያፈሳል?

በብሪታንያ ካራቫን የሚባለው በመኪና የሚጎተት ቤት፥ በተለይ የእንጨት አውታርና የአሉሚኒየም ልባስ ያለው፥ ከዕድሜው በፊት የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጋጠሚያው በሚገባ ውሃ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው ለምን እንደሚከፈት አስቀድመን እንመልከት።

1 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.023 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። እንግዲህ 6 ሜትር የሆነ የጣራ ጠርዝ ከቀዝቃዛ ሌሊት እስከ ፀሐያማ ቀትር በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን በሙቀቱ ምክንያት በቁመቱ የሚረዝመው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የሚሸከመው በመካከላቸው ያለው መድፈኛ ነው፤ ደርቆ መለጠጥ ሲሳነውም ይሰነጠቃል። በጠባቡ ስንጥቅ ውሃ ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ በአውታሩ ላይ ተንሸራቶም ከገባበት ርቆ ስለሚታይ፥ የረጠበውን ቦታ ብቻ አይቶ መድፈን ከንቱ ድካም ነው።

በአሮጌው መድፈኛ ላይ አዲስ መደረብም ከዚህ አይሻልም። በተለይ ሲሊኮን ከነበረ፥ በላዩ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ነገር ጥቂት ስለሆነ፥ ጨርሶ መፋቅና መጠረግ አለበት። ከዚያም ከጠርዙ ሥር የቢዩቲል ላስቲክ ጥብጣብ አንጥፎ ብሎኖቹን ማጥበቅ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ላስቲኩ ለብዙ ዓመት ለስላሳ ሆኖ ስለሚቆይ ከብረቱ ጋር ይሳባልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እንጨቱ ይድረቅ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት በአጠቃላይ አይበሰብስም፤ ረጥቦ ሳለ የታሸገ ግን ውጭው አምሮ ውስጡ ይፈርሳል። አንዳንድ ትጉሃን በመስኮቶች ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ሳይቀር ይደፍናሉ፤ እነዚህ ግን የገባው ውሃ መውጫ ናቸውና ክፍት ይተዉ።