የውኃ መሳቢያ ሞተርን ዘይት እና ማጣሪያ በማሳ ዳር መቀየር

ባሕር ዳር፦ የመኸሩ ሰብል ከማሳ ተነሥቶ ወደ አውድማ ሲገባ በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭ እና በግልገል ዓባይ ወንዞች ዳርቻ ሌላው የሥራ ወቅት ይጀምራል። የመስኖ ቦይ ባልደረሰበት ማሳ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ የበጋ ስንዴውም ውኃ የሚያገኘው ሁለት ሰው ተሸክሞ በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ ንጋት ላይ ተነሥቶ እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም እስከ ምሽት ይሠራል። ባለቤቱ ቤንዚኑን ወይም ናፍጣውን ካለበት ፈልጎ ያመጣል፤ የሞተሩን ዘይት ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ነው።

ሞተሩ ድምፁን የሚለውጠው ደግሞ ሰብሉ ውኃ አጥብቆ በሚፈልግበት ሰሞን ሊሆን ይችላል። ስንዴ የውኃ እጥረትን የማይታገሠው ዛላ በሚያወጣበት እና በሚያብብበት ጊዜ ነው። የሽንኩርት ሥር ከላይኛው የአፈር ክፍል እምብዛም አይርቅም፤ ስለዚህ ኮረት በሚይዝበት ወቅት ውኃው ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥበት የሚሰበሰበው ምርት ያንሳል፣ ኮረቱም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መሐል የሞተሩ ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀጥ ቢል፣ ሞተሩን ወደ ከተማ አጓጉዞ፣ ባለሙያ እና መለዋወጫ አግኝቶ እስኪመለስ ሰብሉ አይጠብቅም። ይህን ሁሉ ጉዳት ሊያስቀር የሚችለው ነገር ከአንድ ሊትር ያነሰ ዘይት እና የግማሽ ሰዓት ሥራ መሆኑ ያስቆጫል። ሥራውን ለመሥራት ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ማጥለያ፣ ንጹሕ ጨርቅ እና አሮጌውን ዘይት መቀበያ ዕቃ ያለው ሰው በማሳው ዳር ወይም በግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

በቅድሚያ ዘይት መጨመር እና ዘይት መቀየር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። መጠኑ የጎደለውን መሙላት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቆሸሸ ዘይት ላይ አዲስ ዘይት መጨመር በቆሸሸ ውኃ ላይ ንጹሕ ውኃ እንደማፍሰስ ነው። የሞተር ዘይት የሚሠራው ማለስለስ ብቻ አይደለም። ሙቀት ከፒስተኑ ይቀበላል፣ የቃጠሎውን ጥቀርሻ እና ከብረቱ የሚፋቀውን ብናኝ ይዞ ይቆያል፣ በፒስተኑ እና በሲሊንደሩ መካከል ያለውንም ቀጭን ክፍተት ይደፍናል። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች እንደ መኪና በውኃ የሚቀዘቅዙ ሳይሆኑ በአየር የሚቀዘቅዙ በመሆናቸው የዘይቱ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። ዘይቱ በሙቀት ሲከርም፣ ነዳጅ ሲቀላቀልበት እና አቧራ ሲገባበት ያለሰልስ የነበረው ራሱ መፋቅ ይጀምራል።

በአካባቢው በብዛት የሚታዩት ባለ ሁለት እና ባለ ሦስት ኢንች የቤንዚን ፓምፖች የሚንቀሳቀሱት ከ5 እስከ 7 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሞተሮች ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ የዘይት ማጣሪያም ሆነ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ አለመኖሩ ነው። ፒስተኑን በሚገፋው ዘንግ ግርጌ ማንኪያ የመሰለች ቁራጭ አለች። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ይህች ቁራጭ ከታች የተጠራቀመውን ዘይት እየጨለፈች ወደ ላይ ትረጫለች። የዘይቱ መጠን ትንሽ ዝቅ ካለ ወይም ሞተሩ ቁልቁል በሆነ የወንዝ ዳር ተጋድሞ ከተቀመጠ ማንኪያዋ ባዶ አየር ትመታለች፤ ሞተሩም በደቂቃዎች ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ስፍራ በዶማ ማስተካከል ከጥገና ሥራ የሚቆጠር ነው። ማጣሪያ በሌለው ሞተር ውስጥ ቆሻሻው የሚወጣበት መንገድ ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው።

መቼ ይቀየር ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚለካው በሥራ ሰዓት ነው። ለእነዚህ የቤንዚን ሞተሮች የሚሰጠው የተለመደ መመሪያ አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ እንዲቀየርለት፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ እንዲቀየርለት ያዝዛል። የመጀመሪያው ጊዜ አጭር የሆነው አዳዲስ ብረቶች እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ ብዙ ብናኝ ስለሚያራግፉ ነው። 100 ሰዓት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና በዚህ ጊዜ የምትሸፍነው 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ የውኃ ሞተር ደግሞ 100 ሰዓቱን የሚሞላው በ13ኛው ቀን ነው። በየአምስት ቀኑ ለ8 ሰዓት ማሳውን የሚያጠጣ አርሶ አደር በአራት ወር የመስኖ ወቅት ወደ 190 ሰዓት ያህል ይጠቀማል፤ ይህም ለራሱ ማሳ ብቻ ሲሠራበት ነው። ሞተሩን ለጎረቤት የሚያከራይ ከሆነ ቁጥሩ በፍጥነት ያድጋል። ትንንሾቹ ሞተሮች የሰዓት መቁጠሪያ ስለሌላቸው የተነሣበትን እና የቆመበትን ሰዓት በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። ኪራዩ በሰዓት የሚከፈል ከሆነ የገንዘቡ መዝገብ ራሱ የሞተሩ መዝገብ ይሆናል። ሞተሩ አቧራማ በሆነ ስፍራ የሚሠራ ከሆነ ከተባለው ሰዓት ቀደም ብሎ መቀየር አይጎዳም።

የዘይት ምርጫ ላይ የሚታየው ስሕተት "ዘይት ሁሉ ዘይት ነው" ከሚል አስተሳሰብ የሚመነጭ ነው። በዕቃው ላይ ኤስኤኢ ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚጻፉት ቁጥሮች የዘይቱን ውፍረት ያመለክታሉ። ለቤንዚን ሞተሮቹ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው 10ደብሊው-30 ሲሆን፣ ለናፍጣ ሞተሮች 15ደብሊው-40 በሰፊው ያገለግላል። ኤፒአይ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ኤስ ከሆነ ዘይቱ ለቤንዚን ሞተር፣ ሲ ከሆነ ለናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ ነው፤ ሁለቱንም የያዘ ዘይትም አለ። የካምቢዮ ዘይት፣ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው የሁለት ምት ሞተር ዘይት እና የፍሬን ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በተከፈተ ጄሪካን እየተለካ የሚሸጥ ዘይት ምንነቱ ስለማይታወቅ ማኅተሙ ያልተነካ ዕቃ መግዛት ይመረጣል።

ዘይቱን ለመቀየር የሚመረጠው ጊዜ ማሳው ጠጥቶ እንዳበቃ ያለው ጊዜ ነው። የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ይፈስሳል፣ የዘቀጠውንም ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ሆኖም ሞተሩ እንደቆመ ወዲያው መክፈት እጅን ያቃጥላል፤ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል። ማርሚታው ግን ከዚያም በኋላ ስለሚፋጅ ከእርሱ መራቅ ነው። ዘይቱን ለማሞቅ ተብሎ ፓምፑን ያለ ውኃ ማስነሣት ትልቅ ጥፋት ነው፤ በፓምፑ እና በሞተሩ መካከል ያለው የውኃ መከላከያ ጎማ የሚቀዘቅዘው በውኃው ስለሆነ በደረቁ ሲዞር ይቃጠላል።

የነዳጁ መክፈቻ ተዘግቶ፣ ቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ ሥራው ይጀመራል። ሞተሩን በድንጋይ ወይም በጣውላ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ መቀበያውን ከሥር ለማስገባት ያመቻል። በመሙያው ዙሪያ ያለው አፈር አስቀድሞ በጨርቅ ካልተጠረገ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይገባል። የላይኛው ክዳን ሲከፈት አየር ስለሚገባ ዘይቱ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ከዚያም በሞተሩ ግርጌ ያለው የማፍሰሻ ብሎን በልኩ ቁልፍ ይላላል፤ በእጅ ተሽከርክሮ ሲወጣም ዘይቱ ወደ መቀበያው ይፈስሳል። ሞተሩን ወደ ማፍሰሻው በኩል ትንሽ ዘንበል ማድረግ የመጨረሻውን ጭላጭ ያወጣል። ቆሻሻው የሚበዛው በዚህ ጭላጭ ውስጥ ስለሆነ መቸኮል አይገባም።

ናፍጣ ሞተር ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። በአካባቢው በሚሠራባቸው ባለ አንድ ሲሊንደር እና በአየር የሚቀዘቅዙ የናፍጣ ሞተሮች ብዙዎቹ በጎናቸው በብሎን የተያዘ የሽቦ ወንፊት ማጣሪያ አላቸው። ይህ ማጣሪያ አይጣልም፤ ቀስ ብሎ ተስቦ ይወጣና በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ፣ ወንፊቱ አለመቀደዱ ታይቶ ይመለሳል። በሚመለስበት ጊዜ በአንገቱ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት መሰንጠቁን ማየት ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ከሥራው በኋላ በጎኑ ዘይት የሚያንጠባጥበው ብዙ ጊዜ በዚህ ቀለበት ምክንያት ነው።

የማፍሰሻው ብሎን ከነቀለበቱ ተጠርጎ ሲመለስ መጀመሪያ በጣት፣ በመጨረሻ ብቻ በቁልፍ ይጠብቃል። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል፤ ጥርሱ የተበላ ሞተር ደግሞ ከዘይት ለውጡ እጅግ የሚበልጥ ወጪ ያመጣል። አዲሱ ዘይት የሚሞላው ሞተሩ በተስተካከለ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር የሚወስደው 0.6 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ ሊትሩን ዕቃ ሙሉ ገልብጦ የሚያፈስስ ሰው ያጠፋል። ባለ 10 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ሞተር 1.65 ሊትር አካባቢ ይይዛል። በቤንዚን ሞተሮቹ ዘይቱ በመሙያው አፍ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሞልቷል ማለት ነው። በክዳኑ ላይ ያለው መለኪያ ሲነበብ ተጠርጎ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ተሽከርክሮ አይጠብቅም። ከልክ በላይ የሞላ ዘይት ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ የአየር ማጣሪያውንም ያርሰዋል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ ራሱ እንደ ነዳጅ ገብቶ ሞተሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያስሮጠው ይችላል። ፓምፑ በውኃ ተሞልቶ ሞተሩ ለሁለት ደቂቃ ከተሠራበት በኋላ ቆሞ መጠኑ እንደገና ይታያል፤ የሚያንጠባጥብ ነገር መኖሩም ይፈተሻል።

የወጣውን ዘይት ሳያዩ ማስወገድ ተገቢ አይደለም፤ ስለ ሞተሩ ጤና ብዙ ይናገራልና። የናፍጣ ሞተር ዘይት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥቆሩ የጥቀርሻ ሥራ በመሆኑ አያስደነግጥም። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ግን ውኃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና የቀጠነ ከሆነ ነዳጅ እየሾለከ ወደ ውስጥ እየወረደ ስለሆነ ሥራ ሲያበቃ መክፈቻውን የመዝጋት ልማድ ያስፈልጋል፤ ካላቆመ ካርቡራተሩ ይታይ። ዘይቱ በፀሐይ ሲታይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ሞተሩ ሳይቆም ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ከዘይቱ ጎን ለጎን የአየር ማጣሪያው መታየት አለበት፤ የበጋው አቧራ ወደ ሞተሩ የሚገባው በእርሱ በኩል ነው። ስፖንጁ በሳሙና ውኃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ከዚያም ንጹሕ የሞተር ዘይት ነክሮ፣ እስኪበቃው ተጨምቆ ይመለሳል። ማጣሪያው "አየር ያሳጥራል" ተብሎ ተነቅሎ የሚጣልባቸው ሞተሮች ይታያሉ። የመስኖ ትምህርታችን ስለ ቦይ ቁልቁለት እና ስለ ማጠጫ ጊዜ ብዙ ሲናገር ውኃውን ወደ ቦዩ ስለሚያወጣው ሞተር ዝም ማለቱ ለዚህ ሳያግዝ አልቀረም።

ትራክተር ወይም መኪና ያላቸው ሰዎችም ሥራውን የሚያከናውኑት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ የሚለየው ቆርቆሮ የሚመስለው ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ መለወጡ ነው። አሮጌው ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ አለመቅረቱን ማረጋገጥ ይገባል። የአዲሱ ቀለበት በዘይት ተቀብቶ ማጣሪያው በእጅ ይጠብቃል፤ ጎማው ከነካ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ግን ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

የተቃጠለው ዘይት በገጠሩ ብዙ አገልግሎት ሲሰጠው ይታያል። የአጥር እንጨት ለምስጥ መከላከያ ይቀባል፤ ከዚህ አልፎ በከብት ቁስል እና መዥገር ላይ የሚቀቡትም አሉ። ይህ ዘይት ከብረቱ የተፋቁ ብረታ ብረቶችን እና የቃጠሎ መርዞችን የያዘ ስለሆነ በእንስሳት ቆዳ ላይ መዋል የለበትም። በወንዝ ዳር ማፍሰስም የዚያኑ ያህል ጥፋት ነው። ዘይት በውኃ ላይ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ አየር እንዳይገባ ይከለክላል፤ በጉማራ ወይም በርብ ዳር የፈሰሰውም መጨረሻው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው የጣና ሐይቅ ነው። ዘይቱን ክዳን ባለው ጄሪካን አጠራቅሞ፣ የውኃም ሆነ የምግብ ዕቃ እንዳይሆን ምልክት አድርጎ፣ ወደ ከተማ በሚኬድበት ቀን አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ማስረከብ ይቻላል።

የመስኖው ወቅት አልቆ ሞተሩ ለክረምት የሚቀመጥ ከሆነ ዘይቱን የመቀየሪያ ጊዜው ከማስቀመጡ በፊት ነው፤ አሮጌው ዘይት በውስጡ ያለውን እርጥበት እና አሲድ ይዞ ለወራት ብረቱን ይበላልና። በፓምፑ ሆድ የቀረው ውኃ ይፈስሳል፤ ከታንከሩ እና ከካርቡራተሩም ቤንዚኑ ይወጣል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ ዘይት ጠብ ተደርጎ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ይሳባል፤ ካንዴላው ከተመለሰ በኋላም ገመዱ እስኪከብድ ድረስ ተስቦ በዚያው ይተዋል። በዚህ ቦታ ላይ የሞተሩ ቫልቮች ሁለቱም የተዘጉ ስለሆኑ የክረምቱ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።