122 ምስማር

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተሰማው ዜና ብዙዎችን አስደንግጧል። ከአንድ የ33 ዓመት ሰው ጨጓራ 122 ምስማር በቀዶ ሕክምና ወጣ። ምስማሮቹ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው። ስፒል፣ ስቴኪኒና የብርጭቆ ስባሪም አብረው ወጡ። ጨጓራው ባለመበሳቱ ሰውየው ተረፈ።

ሁሉም ያወራው ስለ ቁጥሩ ነበር። ሐኪሙ የተናገሩት ሌላ ነገር ግን ይበልጥ ያሳዝናል፦ ታካሚው 10 ዓመት ያህል የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሲሆን መድኃኒቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንዲህ ያለ ታማሚ ባዕድ ነገር የሚውጠው በብዙ ምክንያት ነው። አንዱን «ዋጠው» የሚል ድምፅ ያዝዘዋል፤ ሌላው የውስጥ ጭንቀቱ የሚቀልለት ይመስለዋል። ሆዴን አመመኝ ሲልም «ሕመሙ ነው የሚያናግረው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ከባድ በደል ነው። ራጅ ብረትን ፍንትው አድርጎ ቢያሳይም እንጨትና ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ስለማይታዩበት፣ ሐኪሙ ታማሚውን አምኖ መመርመር አለበት።

ከተዋጡ ነገሮች አብዛኞቹ በራሳቸው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ጉሮሮ ውስጥ የተሰካ ስለታም ነገር ወይም የሰዓት ባትሪ ግን ፋታ አይሰጥም፤ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ሐኪሞች መመሪያ ቢቻል በ2፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ ያዝዛል። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ዕቃውን ይይዛል፤ ሲያወጣው ጉሮሮውን እንዳይቧጥጥ ጫፉን በላስቲክ ቆብ ይሸፍናል። በዚህ ካልተቻለ ቀዶ ሕክምና ይከተላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ሴንት ጆሴፍ ከተማ የሚገኘው ግሎር የአእምሮ ሕክምና ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1929 ከአንዲት ታማሚ ሆድ የወጡ 1,446 ዕቃዎችን ለእይታ አኑሯል። 453ቱ ምስማሮች ናቸው። ሴትየዋ ከቀዶ ሕክምናው አልተረፈችም። የመጀመሪያው የሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ለሕሙማን የደረሰው ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ለእሷ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ለአዲስ አበባው ሰው ግን ነበር።

ስለዚህ ቁስሉ ስለተሰፋ ብቻ ታማሚው ወደ ቤት አይሸኝ፤ የአእምሮ ሐኪም ይየው። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን ጎን ለጎን ይውሰድ። ቤተሰብም ባዕድ ነገር መዋጡን ካወቀ አያስመልሰው፣ በእንጀራ ወይም በዳቦ ልግፋው አይበል። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ያድርሰው።