ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ማደሪያውን እንዴት ይምረጥ?

መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለሚያየው ነገር እንጂ ስለሚያድርበት ስፍራ አይደለም። ስንቁን ይቋጥራል፤ ልብሱን ያዘጋጃል፤ የመኪናውን ሒሳብ ይከፍላል፤ ማደሪያውን ግን «ስንደርስ እናገኛለን» እያለ ለመጨረሻ ይተወዋል። በሌላ ስፍራ ይህ ቸልተኝነት የሚያስከትለው ጉዳት ጥቂት ገንዘብና ጥቂት እንቅልፍ ማጣት ቢሆን ነው። በስሜን ተራሮች ግን ማደሪያን ያለ ዕውቀት መምረጥ ሕይወትን ለአደጋ እስከ ማጋለጥ እንደሚያደርስ በቤተሰቤ ላይ ደርሶ አይቻለሁ። ስለዚህ በመጽሔታችን ላይ አንድ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ሌላ አርእስት ከመፈለግ ይልቅ ይህንኑ ለጓደኞቼ ባስረዳ ይጠቅማል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሰሜን ጎንደር የሚገኝ ሲሆን በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ የተቋቋመ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከጻፋቸው ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ይኸው ስሜን ነበር። በ1996 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፥ በ2017 ዓ.ም. ከዚያ ዝርዝር ወጥቶአል፤ ይህም በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ዋሊያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኙም፤ ኹለቱም በስሜን ይኖራሉ። ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ደባርቅ ከተማ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ስካውት የሚባለውን መሣሪያ የያዘ ጠባቂም አስከትሎ ይሄዳል።

እኛ ወደዚያ የሄድነው በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተን የጥምቀትን በዓል በጎንደር ካከበርን በኋላ፥ እናቴ፥ አጎቴ፥ የዐሥራ አንድ ዓመት ታናሽ እኅቴና እኔ በአጎቴ መኪና ሆነን ጥር 13 ቀን ማለዳ ወደ ደባርቅ ተጓዝን። በጥምቀት ሰሞን በጎንደር አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው ይንራል። ከዚህም የተነሣ የአጎቴ ኪስ ሳስቶ ነበር። በደባርቅ ስንመዘገብ፥ «ዛሬ እዚህ ብታድሩ፥ ካልሆነም ሳንቃበር ብታድሩ ይሻላችኋል» ብለው መክረውን ነበር። አጎቴ ግን፥ «ያለን ኹለት ቀን ነው፤ ዋሊያው ያለው ጨነቅ ነው፤ እዚያው ሄደን ብናድር ሲነጋ ከደጃችን እናየዋለን፤ የአልጋም ሒሳብ ይተርፈናል» አለ። ነገሩ ለኹላችንም ትክክል መስሎን ነበር። እኔማ ከኹሉ ይልቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ጨነቅ ደርሰን ድንኳናችንን ተከልን። ፀሐይ እንደ ጠለቀች እኅቴ ራሷን ያማት ጀመር። እራት ሲቀርብላት አልበላም አለች፤ ቀጥሎም አስመለሳት። አጎቴ «ብርድ መትቷት ነው» ብሎ ጋቢ ደረበላት፤ እናቴም ሻይ አፍልታ ሰጠቻት። ወደ እኩለ ሌሊት ግን ለመነሣት ስትሞክር እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፤ ስንጠራትም መልሷ የተምታታ ሆነ። ያን ጊዜ ከአጎቴ በዕድሜ የሚበልጠው ስካውታችን ፋኖስ ይዞ መጥቶ አያትና፥ «ወንድሜ፥ ይህ የብርድ ነገር አይደለም። የከፍታው ነው። ልጅቱን ሳይነጋ አሁኑኑ ወደ ታች ያውርዷት» አለው። አጎቴ የሌሊቱን መንገድ ፈርቶ ጥቂት አመነታ፤ ሽማግሌው ግን ምንም ሳይጨምር ድንኳኑን ይነቅል ጀመር።

በዚያ ሌሊት ገደል ለገደል የተጓዝነውን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እናቴ እኅቴን አቅፋ ስታለቅስ፥ ስካውቱ ከፊት ተቀምጦ ለአጎቴ መንገዱን ይመራው ነበር። ሳንቃበርን ካለፍን በኋላ እኅቴ ዐይኗን ገለጠች፤ ደባርቅ ስንደርስ ደግሞ ውኃ ጠየቀች። ሲነጋ ያያት ሐኪም ሕመሙ የከፍታ ሕመም መሆኑን፥ ዋነኛው መድኃኒቱም መውረድ መሆኑን ነገረን። «እስከ ጧት ቢቆዩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ብላ እናቴ ብትጠይቀው፥ «እግዜር ይመስገን፥ አልቆያችሁም» ብቻ ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከመምህራኖቼም ከመጻሕፍትም ስጠይቅ ምክንያቱን ተረዳሁት። ሰው ከፍ ወዳለ ስፍራ በወጣ ቍጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ ያለውን ግፊት መቶ ብንለው፥ 1,800 ሜትር ከፍታ ባላት በባሕር ዳር ሰማንያ ያህል፥ 3,620 ሜትር ከፍታ ባለው በጨነቅ ደግሞ ስልሳ አምስት ያህል ይሆናል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ አይለወጥም፤ ነገር ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ሰውነታችን ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና ልብን በማፍጠን ነው፤ ቀናት ሲያልፉም ኦክሲጅን የሚሸከሙት ቀይ የደም ሴሎች ይበዛሉ። ይህ ኹሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ከማደሪያ ጋራ የሚያገናኘው ዋናው ነገርም ይህ ነው፤ ሰው በተኛ ጊዜ ትንፋሹ ይዳከማል፤ ስለዚህ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከቀኑ ይልቅ ሌሊት ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ ሰውን በይበልጥ የሚጐዳው ቀን የወጣበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት የሚተኛበት ከፍታ ነው። የተራራ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር፥ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰው የመኝታውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር የሚል ነው። እኛ ግን 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከጎንደር ተነሥተን በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ከፍ ብለን ተኛን።

አሁን ይህን በልባችን ይዘን ማደሪያዎቹን አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

አንደኛ፥ ጎንደር። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለልዩ ልዩ ኪስ የሚስማማ ብዙ ሆቴል አለ። ነገር ግን ጎንደር አድሮ በዚያው ቀን ስሜንን አይቶ መመለስ ቀኑን በመኪና ውስጥ ማሳለፍ ነው። በጥምቀት ሰሞን የሚሄድ ሰው ደግሞ አልጋውን በጣም ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

ኹለተኛ፥ ደባርቅ፤ ከፍታው 2,850 ሜትር ያህል ነው። ከርካሽ አልቤርጎ ጀምሮ ደኅና እስከሚባል ሆቴል ይገኛል። አስጎብኚ፥ ወጥ ሠሪና ባለ በቅሎ የሚዋዋሉትም በዚሁ ነው። ከመስኮት ዋሊያ አይታይም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ደባርቅን ይንቃታል። ሆኖም ለሰውነት የመጀመሪያዋ መለማመጃ እርስዋ ናት። ደግሞም በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፥ ሣሩና ዱሩ እንዲያገግም ሲባል በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው የሰፈሩት በደባርቅ ነው። እንግዳ በከተማይቱ አንድ ሌሊት ባደረና አንድ እራት በበላ ቍጥር፥ ተራራውን ለዋሊያው ለቀው ለወጡት ሰዎች አዲስ ኑሮ ጥቂት ይረዳል።

ሦስተኛ፥ ሎጅ የሚባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች። በሊማሊሞ በኩልና በቡይት ራስ ይገኛሉ። ሞቅ ያለ መኝታና ያማረ እይታ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን የኛን የመሰለ ቤተሰብ የሚችለው አይደለም። አቅም ያለውም ሰው ቢሆን አንድ ነገር ያስተውል፤ ቡይት ራስ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የአልጋው መመቸት ከፍታውን አይቀንሰውም።

አራተኛ፥ ሳንቃበር፤ 3,250 ሜትር ነው። በመኪና ይደረሳል፤ የሚታደረው በድንኳን ነው። የሳንቃበር ትልቁ ጸጋ ጧት ነው። ጭላዳዎች አውሬ እንዳይደርስባቸው ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ ያድራሉ፤ ፀሐይ ሲሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ወጥተው እየተቀመጡ ሣር መንጨት ይጀምራሉ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ይህን አወጣጥ አይደርስበትም።

አምስተኛ፥ ግጭ፤ 3,600 ሜትር ያህል ነው። ሰው የሚደርሰው ከሳንቃበር ተነሥቶ በጅንባር ፏፏቴ በኩል በእግር ወይም በበቅሎ ሲጓዝ ነው። ጓሳው ሜዳውን ሸፍኖት፥ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። እሜት ጎጎ ወደሚባለው ታላቅ የገደል አፋፍ ለመሄድም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ሦስትና አራት ሌሊት ላለው ሰው ተስማሚ ነው።

ስድስተኛ፥ ጨነቅ። ዋሊያን ለማየት የታወቀ ስፍራ ነው፤ ወደ ቧሂት ተራራም መውጫው በዚህ ነው። ዋሊያ ማለዳና ወደ ማታ ለግጦሽ ብቅ ስለሚል፥ በአጠገቡ ማደር በእውነት ይጠቅማል። ግን ለመጨረሻው ሌሊት እንጂ ለመጀመሪያው አይደለም።

እንግዲህ እነዚህን ከፍታዎች አንባቢ በተራ ቢደረድራቸው ደረጃ ሆነው ያገኛቸዋል። ከደባርቅ ሳንቃበር 400 ሜትር፥ ከሳንቃበር ግጭ ወይም ጨነቅ ከ400 ሜትር ያነሰ ነው። አንዱም ከ500 አያልፍም። ስለዚህ ሦስት ሌሊት ያለው ሰው የመጀመሪያውን በደባርቅ፥ ኹለተኛውን በሳንቃበር፥ ሦስተኛውን በጨነቅ ይደር። እንደኛ ኹለት ቀን ብቻ ያለው ደግሞ በደባርቅ ይደርና በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ጨነቅ ደርሶ፥ ዋሊያውን ጎብኝቶ፥ ማታ ተመልሶ በደባርቅ ይተኛ። ቀን ወጥቶ ሌሊት ዝቅ ብሎ መተኛት ከፍ ብሎ ከማደር እጅግ ይሻላል። አጎቴ ይህን ቢያደርግ ኖሮ ዋሊያውንም ባየን፥ ገንዘቡም በተረፈልን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የትም ቢታደር ግን የማይረሱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ማታ ራሱን ያመመውና ምግብ የዘጋው ሰው ሳይሻለው ወደ ላይ አይውጣ፤ ከባሰበት ወይም ከተንገዳገደ በሌሊትም ቢሆን ይውረድ። የስሜን ሌሊት እጅግ ይበርዳልና ጋቢና ወፍራም ልብስ ይያዝ። ምግብ ለማብሰል ጋዝ ወይም ቡታጋዝ ይያዝ እንጂ የፓርኩን አስታ እየቈረጠ አያንድድ፤ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው እሳት ምን ያህል ጓሳና አስታ እንዳጠፋ ኹላችንም ሰምተናል። ክረምቱ ጭጋግና ዝናብ ስለሚበዛበት ከመስከረም መጨረሻ በኋላ መሄድ ይሻላል። ከኹሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ጎብኚው እጅግ ቀንሶአልና። ከእንግዳ በሚገኝ ገቢ ይኖሩ የነበሩ አስጎብኚዎች፥ ባለ በቅሎዎችና ወጥ ሠሪዎች በዚህ ተጐድተዋል። እግዚአብሔር ሰላሙን ያውርድልን።

እኅቴ ዛሬ ደኅና ናት፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ሯጭ ሆናለች። ያ ስካውት ግን ያን ዕለት ጧት እኛ ሐኪም ቤት ሳለን ሳንሰናበተው ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር፤ ስሙንም ሳንጠይቀው ቀረን። እናቴ እስከ ዛሬ በጸሎቷ «ያ የስሜን ሰው» እያለች ታነሣዋለች። እኔም ዋሊያን በሥዕል እንጂ በዐይኔ አላየሁትም። ሰላም ሲሆንና ፈተናዬን ስጨርስ ተመልሼ ለመሄድ፥ የመጀመሪያዋንም ሌሊት በደባርቅ ለማደር ቆርጫለሁ።

ውድ ጓደኞቼ፥ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ስሜንም የሚታየው እንዲሁ ነው።