ከውጭ ተመትቶ ከውስጥ የሚያም ጉልበት

ልጆች፣ ገባኝ! በገና ጨዋታ ላይ ጓደኛችን ጉልበቱን በውጭ በኩል ተመትቶ ሲወድቅ «ውስጡን ነው፣ ውስጡን!» እያለ መጮኹ ትዝ ይላችኋል? ደንግጦ ነው ብዬ ነበር። ለካ እውነቱን ነው!

ትናንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከታጨደ የበቆሎ ማሳ ሁለት አገዳ አነሣሁ። ጫፍ ለጫፍ ገጠምኳቸው፤ የላይኛው የጭን አጥንት፣ የታችኛው ቅልጥም ይሁን። በቀኝም በግራም ጎናቸው ልጥ ወጥሬ አሰርኩና መጋጠሚያውን ከቀኝ በኩል በጣቴ ገፋ አደረግሁት። የቀኙ ልጥ ላላ። የግራው ግን ክርር ብሎ ተወጠረ! እናንተዬ፣ የተመታው ወዲህ፣ የሚበጠሰው ወዲያ!

ያ የግራ ልጥ የጉልበታችን የውስጥ ጎን ጅማት ነው። ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘውን ምራን አስቡ። ከጭን አጥንት ተነሥቶ፣ መጋጠሚያውን አልፎ፣ ቅልጥም ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይጣበቃል። ከሥሩ ደግሞ አጭር ወንድም አለው፤ እሱ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ከተነጠፈው ልም አጥንት ጋር ተያይዟል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ትራሱም አብሮ የሚጎዳው።

ደግሞ ማንም ሳይመታንም ይደርሳል። በክረምት ጭቃ አንድ እግር ወደ ውጭ ሸርተት ሲል፣ ገላችን ጉልበቱን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ ልጡ ያው ልጥ ነው።

ጉዳቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ ሳሳ ብሎ መወጠር፣ በከፊል መቀደድ፣ ጨርሶ መበጠስ። ሐኪም ሲመረምር ጉልበቱን 30 ዲግሪ ያህል አጠፍ አድርጎ ቅልጥሙን ወደ ውጭ ይገፋል። ለምን አጠፍ? እዚህ ላይ ነው አፌን የያዝኩት! እግር ቀጥ ሲል ከኋላ ያሉት ጅማቶችም ስለሚጠብቁ የተጎዳውን ይደግፉታል። አጠፍ ሲል እነሱ ይላላሉ፤ የውስጡ ጅማት ብቻውን ይቀራል። ቀጥ ባለበትም መጋጠሚያው ከተከፈተ ግን ሌሎቹም ተጎድተዋል ማለት ነው።

ደግነቱ ይህ ጅማት ደም በደንብ ያገኛል። ቀላሉ ጉዳት በሁለት ሦስት ሳምንት ይድናል፤ የተበጠሰውም ብዙ ጊዜ በድጋፍ ማሰሪያ ታስሮ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ይገጥማል። በጉልበቱ መሐል ከተጠላለፉት ጅማቶች የፊተኛው ግን ይህ ዕድል እምብዛም የለውም። የትኛው ጅማት እንደተጎዳ ገና ስለማናውቅ፣ ጓደኛችንን ምርመራው ሳያልቅ ጉልበቱን ማንም እንዳይጎትትበት ንገሩት።

አገዳዎቹን ይዤ እየመጣሁ ነው፤ መጋጠሚያውን እናንተው ገፍታችሁ እዩት።